የሉባባ ድርሻ

ከወሎ ደጋ ወደ አፋር በረሃ የሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ባለችው ጨረር አምባ፣ ሰው ሞቶ ወራሾቹ ንብረት ሊካፈሉ ሲቀመጡ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ልጅ የቀበረች ሴት ትጠራለች። የፈለገችውን ትመርጣለች፤ በሬም ይሁን ማበጠሪያ የሚከለክላት የለም። ያነሳችውን ይዛ ትወጣለች፣ «አላህ ይስጥልኝ» እንኳ አትልም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል፣ ምን ያለችው ባለጌ ናት ይላል። የአምባው ሰው ግን «የሉባባ ድርሻ ነው» ብሎ ያልፋል።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ የአምባው ጌታ አበጋዝ ይመር ሳሉ፣ በዘይላ በኩል ከመጡ የህንድ ነጋዴዎች ጋር ጉላም የሚባል ሰዓሊ መጣ። ሌሎቹ ጨርቅና ቅመም ይዘው ሲመጡ እሱ ከሽኮኮ ጸጉር የተሠራ ብሩሽ ይዞ መምጣቱ አገሩን አስቆታል። አበጋዙ ግን ወደዱት፣ አስቀመጡት፣ የአምባውን ልጅ ሉባባንም አገባ። እንዳገሩ ሥራ ስስ ስስ ወረቀት በሙጫ እየደራረበ አንድ ጠንካራ ቅጠል ያወጣል፤ በፊቱ ስዕል፣ በጀርባው በወርቅ ቀለም የዓረብኛ ጽሕፈት ያደርግበታል፤ ቅጠሎቹንም ባንድ መድበል ይሰበስባል። አበጋዙ ፈረስ ላይ፣ አበጋዙ አደን ላይ፣ አበጋዙ ሮማን ሲበሉ። ሸሆቹ ስዕል ሐራም ነው እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ግን በጎን ሰረቅ አድርገው ሳያዩ አይሄዱም ነበር ይባላል።

ጉላምና ሉባባ ነፊሳ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። የፊት ጥርሷን እንዳወለቀች፣ ሌላው ሳይበቅልላት፣ ፈንጣጣ ወሰዳት። ወረቀቱም ቀለሙም የጌታው ነውና ጉላም ለራሱ አንዲት መስመር መሳል አይችልም። ስለዚህ የአበጋዙን አትክልት ቦታ እስላለሁ ብሎ፣ ከምንጩ አጠገብ ውሃ የምትቀዳ፣ ጥርሷ የጎደለ፣ የምትስቅ ልጅ ሳለ። አበጋዙ ቅጠሉን አገላብጠው አዩና መድበሉ ውስጥ አስገቡት። በኋላ «ሚስትህ ጁምዓ ጁምዓ ትምጣ» አሉት። ሉባባም በየጁምዓው እየሄደች ልጇን አይታ ትመለስ ጀመር፤ ከዚያ ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም።

አበጋዙ ሞቱ። ልጆቻቸው ሸረፋና እብሬ ሲካፈሉ፣ አይ ክፍፍል! ምንጣፉን በቢላ ለሁለት ቆርጠውታል አሉ። መድበሉንም ስፌቱን ፈቱና አንድ ላንተ አንድ ለኔ እያሉ ቅጠል በቅጠል ተቃረጡት። መጨረሻ ላይ አንድ ቅጠል ተረፈ። አባታቸው ስለሌሉበት ማንም ያልመረጠው የነፊሳ ቅጠል ነበር።

ሉባባ ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ጌቶቼ፣ ይቺን ለእኔ ተዉልኝ። ለእናንተ ምንም አታደርግላችሁ።»

«ከማን ድርሻ ተነስታ?» አለ ሸረፋ። «ከኔ ከሆነ አልሰጥም። ከሱ ከሆነ ይስጥሽ።»

«ለምን ከኔ ይሆናል?» አለ እብሬም። ሊሰጣት ፈልጎ ነበር ይባላል፤ ለወንድሙ ተሸነፈ እንዳይባል ግን ፈራ።

ሸረፋ ወደ ጉላም ዞሮ «ያጣበቅከው አንተ አይደለህም? አላቀው። ጽሑፉ ለኔ፣ ስዕሉ ለሱ» አለው። እብሬም ጉላምን ጠጋ ብሎ ከተካፈልን በኋላ የኔን ለሚስትህ እሰጣታለሁ ብሎ ማለለት። ጉላም እሺ ያለው በዚህ ነው።

«ተው ጉላም» አለችው ሉባባ። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተው!»

«አብሽሪ» አላት። «ስንቱን አላቅቄ የለ?»

እውነቱን ነው፣ ብዙ አላቅቋል። የዘነጋው አንድ ነገር ነበር። የሌላውን ሰው ፊት ከላይ ከላይ ነበር የሚቀባው፤ የልጁን ግን መልኳ አልመጣ እያለው እያጠበ እየቀባ፣ እያጠበ እየቀባ፣ ቀለሙን እስከ ወረቀቱ ውስጥ አስጠጥቶት ነበር። ቅጠሉን በእንፋሎት አርሶ ከጥጉ ጀምሮ ቀስ እያለ ላጠው። ዛፉም ምንጩም ደህና ወጡ። ፊቷ ላይ ሲደርስ ዓይኗና ግንባሯ ከስዕሉ ጋር ቀሩ፤ አፏ፣ ያ የጎደለ ጥርሷ፣ ከጽሑፉ ጀርባ ተጣብቆ ሄደ።

«መልሰው» አለች ሉባባ። «ጉላም፣ መልሰው እንጂ!» እሱም ሁለቱን መልሶ ደራረባቸው፤ ግን እርጥቡ ወረቀት ተለጥጦ ጥጉ ከጥጉ አልገጥም አለ።

እብሬ የሱን ግማሽ ዘረጋላት፤ ያለ አፏ አልወስድም አለች። ሸረፋ ግን «ድርሻዬ ነው» ብሎ የራሱን ጠቀለለ። «ስዕሉ የኔ ነው ተባብለናል፣ አፏን መልስ!» አለ እብሬ። ያችን ልጅ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ዞር ብለው ያላዩ ሁለት ወንዶች ስለ አፏ ጎራዴ ተማዘዙ። ጠቡ ከቤት ወደ አገር ወጣ፣ ብዙ ሰው አለቀበት። የእብሬ ቤት ሲቃጠል ዓይኗ አብሮ ነደደ። ሸረፋ ደግሞ ጠመንጃ መግዣ ሲያጣ ድርሻውን ቅጠል በቅጠል ለሲራራ ነጋዴ ሸጠ፤ መድበሉ በዘይላ ወርዶ በየባህሩ ማዶ ተበተነ። ጉላም አፏን ፍለጋ ከነጋዴዎቹ ኋላ ወደ በረሃው ወረደ፣ በዚያው ቀረ።

ሉባባ ከዚያ ወዲያ ጁምዓ ጁምዓ ገደሉ አፋፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ ሲረግፍ የሉባባ እንባ ነው ተባለ፤ ሽማግሌዎችም ወንድማማቾቹን አስታርቀው፣ ከፊት አስቀድመዋቸው ወደ እሷ ሄዱ።

«አፉ በይን፣ ይቅር በይን» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ ዳውድ። «ካሳሽን ንገሪን፣ እንከፍላለን።»

«ምን ትከፍሉኛላችሁ? ግማሽ ላም?» አለች። «መልኳ እኮ ጠፋኝ! ዓይኗ ሲመጣልኝ አፏ ይጠፋኛል፣ አፏን ሳገኝ ዓይኗ የለም። ይሄን የሚከፍል ማነው ከናንተ ውስጥ?»

ሸረፋ መሬት መሬቱን አየ።

«እንግዲያው ስሙኝ» አለች። «ከዛሬ በኋላ ስትካፈሉ፣ እጃችሁ ዕቃ ሳይነካ፣ እንደኔ ያለችውን ጥሩ። የፈለገችውን ሙሉውን ትውሰድ። እንዳትለምናችሁ፣ እንዳታመሰግናችሁ።»

እሺ ብለው ማሉ። «አሁንስ አፉ አልሽን?» አሏት ሸህ ዳውድ። ሉባባ ፊቷን ወደ በረሃው አዞረች። በሞተችበትም ቀን ጠይቀዋት ነበር ይባላል፣ ያን ጊዜም አልመለሰችም።

ለዚህ ነው ዛሬም ሴትየዋ ያነሳችውን ይዛ ስትወጣ ሽማግሌው ተነስተው ከኋላዋ «አፉ አልሽን?» የሚሉት። እሷም ሳትመልስ ትሄዳለች፣ ደንቡ ነው። አንዲት ብቻ፣ አንድ ጋቢ መርጣ ያነሳች ሴት፣ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ዞር አለች አሉ። ወራሾቹ ከተቀመጡበት ተነሱ። ሻርፗ የበሩ ሚስማር ላይ ተይዞባት ኖሯል። ቀስ ብላ አላቀቀችውና ወጣች።