ለእፉኝቷ የተላከው እንጨት

አንድ ጊዜ ከምንጭ በላይ ባለ ዋሻ አንዲት እፉኝት ለብቻዋ ትኖር ነበር። መርዟን ፈርቶ ደጇን የሚረግጥ አልነበረም። እሷም ማንንም ስለማታምን ወደ ምንጩ የወረደውን ሁሉ ትነድፍ ነበር። የአንዲት አህያ የበኩር ልጅ የሞተው እዚያው ነው። አሁን አንድ ውርንጭላ ብቻ ቀርቷታል፤ እሱንም ውሃ ጥም ሊገድለው ሆነ።

እናት ናትና ጨክና ተነሳች። እንደ አገሩ ደንብ ለእርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር በአፏ ይዛ ወደ ዋሻው ወጣች።

እፉኝቷ ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ አህያ ሆነሽ ሣሩን አልበላሽውም?»

«የእርቅ ሣር አይበላም» አለች አህያዋ ሣሩን መሬት ላይ አኑራ። «ልጄ ውሃ ይጠጣልኝ። አንቺስ ምን ቸገረሽ?»

«ብርድ! ክረምቱ እንቁላሎቼን ሊጨርስብኝ ነው። እሳት አለኝ፣ ማገዶ ግን የለኝም። ደረቅ እንጨት ካመጣችሁልኝ ማንንም አልነካም።»

አህያዋ እየሮጠች ለአንበሳ ነገረችው። አንበሳም «ይሁን፤ ጅብ ይልቀም፣ ቀበሮም ይጫናት» ብሎ አዘዘ።

ጅብ የለቀመውን ክምር ሲያይ አላስችል አለው። «ደረቁን ወደ ጉድጓዴ ልውሰደው?»

«ምን ታደርግበታለህ?» አለ ቀበሮ።

«እንጃ! ብዙ ስለሆነ አስጎመጀኝ።»

ቀበሮ ሳቀ። «ውሰደው። እርጥቡን ከሥር፣ ጥቂት ደረቅ ከላይ እንጭንላታለን። ጠላታችንን ሙቂ ያላት ማን ነው?»

አህያ የጫኑባትን ዞራ የማየት ልማድ የላትም። ሸክሙ ወገቧን ሲያጎብጣት እንኳ ለምን እንዲህ ከበደ ብላ አልጠየቀችም። ምስኪን፣ ልጇ ውሃ ሲጠጣ እየታያት ዳገቱን ወጣች፤ እንጨቱንም አራግፋ ተመለሰች።

ዝናቡ ሲወርድ አደረ። እንጨቱ ዋሻውን በጭስ ሞላው እንጂ አልነደደም። እንቁላሎቹም አንድ በአንድ ቀዘቀዙ።

በማግስቱ አህያዋ ለምስጋና ሌላ እርጥብ ሣር በአፏ ይዛ፣ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። እፉኝቷ ደጅ ላይ ጠበቀቻት።

«ከሁሉ አንቺን ብቻ አምኜ ነበር» አለቻት እያለቀሰች። አህያዋ ለመናገር ሣሩን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ነደፈቻት።

ውርንጭላውን አልነካችውም። እሱ እናቱ አጠገብ ቆሞ እንድትነሳ እየጠበቀ ዋለ። ሣሩ ሳይበላ በጥርሶቿ መካከል እንዳለ ነበር። ከታች የምንጩ ውሃ ሲወርድ ይሰማዋል፤ ጠምቶታል፣ ግን መውረድ ፈራ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሚፈሩት ጎረቤት የተገባ ቃል ሲታጠፍ ዋጋውን የሚከፍለው ቃሉን ያጠፈው ሳይሆን በቅን ልብ የተሸከመው መሆኑን ነው።