ከደጅ የቆመው ጋን

በእኛ ቀበሌ ሳይጠይቅ የሚያደንቅ ሰው ሲገኝ አንዲት ተረት ትወረወርበታለች። ሰው ሁሉ ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የወጣችበትን አፍ አውቀዋለሁ፤ የወጣችውም ከጠጅ ጣዮች ማኅበራችን ደጅ ላይ ነው።

ማኅበሩን ስናቋቁም ሁለት ነገር ተማማልን፦ ጠጃችን በማርና በጌሾ እንጂ በስኳር አይጣልም፤ ጠብታ ውሃም አይባክንም። ጋን በመራራው የግራዋ ቅጠል ታሽቶ ሲታጠብ እጣቢውን ከደጅ ባለ አሮጌ ጋን እያጠራቀምን የጌሾ ችግኝ እናጠጣበታለን። አገሩ "እጣቢ ቆጣቢዎች" እያለ ሳቀብን። በዚህ ላይ የመጀመሪያው ጠጃችን ገዢ አጣ። እሱ ካልተሸጠ ማኅበሩ መፍረሱ ነበር።

አንድ ቀን ስመኘው የሚባል የከተማ ባለሆቴል መጣ። የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ወረደ።

"ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ" አለችው ሊቀመንበራችን የሺመቤት።

"ጊዜ የለኝም። ጠጅ በቁሜ ነው የማውቀው" አለና የደጁን ጋን ከፍቶ በጣሳ ቀዳ።

"ኧረ ጌታዬ፣ እሱ እኮ..."

"አታስረዱኝ፤ ሃያ ዓመት ሆቴል ይዣለሁ።" ጠጣው። ፊቱ ተጨማደደ፤ ግን ዋጠው። "የድሮ ጠጅ ማለት ይሄ ነው! ጌሾው ጠንከር ያለ። አሥር ጀሪካን ሙሉልኝ፤ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ።"

የሺመቤት ወደ እኔ ዞረች። ብትናገር አፍሮ ሊሄድብን ነው፤ ዝም ብትል ሠርገኛው በእኛ ስም እጣቢ ሊጠጣ ነው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም በይ ብዬ ጠቀስኳት።

በዚህ መሃል ችግኝ ጠባቂው ሽማግሌ አያ ተገኘ ባልዲውን ይዞ መጣ፤ ከዚያው ጋን ቀድቶ ጌሾው ሥር አፈሰሰው።

"አባቴ፣ ምን ነካዎት? ይህን የመሰለ ጠጅ ለቅጠል?" አለ ስመኘው።

"የምን ጠጅ? የጋን እጣቢ ነው እንጂ።"

ስመኘው ጣሳውን አስቀምጦ ወደ መኪናው አመራ። አለቀልን አልን። እሱ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ተመለሰና በርጩማ ጠየቀ። የሺመቤት ከጓዳ ደህናውን ጠጅ በብርሌ አቀረበችለት። ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው፤ አሸተተው።

"ይሄስ ምን የታጠበበት ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ጠጣ፤ ደገመ፤ ያለንን ጠጅ በሙሉ ወሰደ። ሊሄድ ሲል ግን፣ "አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?" ብሎ ወቀሰን።

አያ ተገኘ ችግኙን ማጠጣቱን ሳያቋርጥ፣ "መቼ አስጨረስከን ልጄ፤ ለቸኮለ እንግዳ እጣቢም ጠጁ ነው" አለው።