ኪቦርድ ሊገዛ የወጣው አናጢ

ደሴ ውስጥ አንድ አናጢ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ እዚህ ተቀምጠው ይሆናል። እጁ የተባረከ ሰው ነው። አልጋ ሲያዙት መጀመሪያ የቤቱን በር ይለካል፤ ቀጥሎ የተኚውን ቁመት ይጠይቃል፤ መጋዙን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሰው ትርሲት ብዬ የምጠራት የሃያ ዓመት ልጅ አለችው። ኮሌጅ ትማራለች፤ ከትምህርት መልስ በኮምፒውተር ጌም ትጫወታለች። ጌም ስላችሁ ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ! ልጅቱ በቡድን እየተወዳደረች ሽልማት ያገኘች ናት። ለዚሁ ብላ አጠራቅማ ሜካኒካል የሚሉትን ኪቦርድ ገዛች። ቁልፎቹ ሲነኩ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ድምፁ አባቷን ያሰለቸው ነበር።

አንድ እሑድ ለዕድር ጉዳይ የተከበሩ እንግዶች መጡ። አባት ትርሲትን ተጣራ። ዝም። ደግሞ ተጣራ። ዝም። እሷ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ውድድር ላይ ነበረች፤ አልሰማችም። እሱ ግን በእንግዳ ፊት የተናቀ መሰለው፤ ደሙ ፈላ። ገብቶ ኪቦርዱን መንጭቆ አወጣና ሳሎኑ መሃል ከመሬት አጋጨው። ቁልፎቹ በየቦታው ተበተኑ። ትርሲት ተንበርክካ ከሽማግሌዎቹ ጫማ ሥር ሳይቀር አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ይዛቸው ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአባቷ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላችም። ሲጠራት አቤት ትላለች፤ ሲልካት ትሄዳለች። ማዕድ ሲቀርብ ግን "በልቻለሁ" ነው። ሦስት ወር ሙሉ "በልቻለሁ"። አባትየው እህል አልወርድልህ አለው። ልጁን በየቀኑ እያያት ልጁ ናፈቀችው።

ታዲያ ምን አደረገ? ይቅርታ ጠየቀ? ወገኖቼ፣ እንተዋወቃለን እኮ! የእኛ አገር አባት ሲያጠፋ ብርቱካን ገዝቶ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ዜና ይከፍታል። ልጅ አንዱን አንሥታ ከላጠች ታረቁ ማለት ነው። ይህም ሰው አዲስ ኪቦርድ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጥ ቆረጠ።

ፒያሳ አንድ መደብር ገባ። ሻጩ ሚልክያስ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። አናጢው ለጌም የሚሆን ጠንካራ ኪቦርድ ስጠኝ አለው። ሚልክያስ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይስ ቡናማ ብሎ ጠየቀው። አናጢው ጥቁር ይሻላል፣ እድፍ አያሳይም አለ። ሚልክያስም የለም አባቴ፣ ቀለም ያልኩት ከየቁልፉ ሥር ያለውን ስዊች ነው፤ ቀዩ ለስላሳ ነው፣ ሰማያዊው ይጮኻል፣ ቡናማው መሃል ላይ ነው አለው። ደግሞም ሙሉው ይሁን ወይስ በቀኝ በኩል ቁጥር የሌለው? አናጢው ጎደሎ ዕቃ ልትሸጥልኝ ነው እንዴ ብሎ ተቆጣ። ተጫዋቾች የሚመርጡት እሱን ነው ሲለው ጭራሽ ዞረበት።

ሌላ መደብር ሄደ። ለጌም ከቀይ ወዲያ የለም አሉት። ሦስተኛው መደብር ደግሞ ቀይ የሚገዛ የማያውቅ ሰው ነው አሉት። ማንን ይመን? እኔ ራሴ ይህን ሲያጫውቱኝ የገባኝ ግማሹ ነው፤ እናንተም ግራ ከገባችሁ አትፈሩ፣ ብዙ ነን። ሰውየው ላቡን እየጠረገ ወደ ሚልክያስ ተመለሰ።

ሚልክያስ ሊያግዘው ብሎ ስለ ልጅቱ ይጠይቀው ጀመር። የምትጫወተው ምን ዓይነት ጌም ነው? አያውቅም። የድሮ ኪቦርዷ የትኛው ነበር? የሰበረው እሱ ነው፤ ግን አያውቅም። እጇስ ትንሽ ነው ትልቅ? ጣቷ ረጅም ነው አጭር?

 በር ሳይለካ አልጋ የማይሠራ ሰው! ያንን እጅ ይዞ ትምህርት ቤት ያመላለሰ ሰው! ዓይኑን ጨፍኖ እጇን ሊያየው ሞከረ፤ የመጣለት የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ነው። የዛሬዋ ትርሲት እጅ አልመጣለትም።

ሚልክያስ ለምን ራሷን ደውለው አይጠይቋትም አለው። ድንገት ላስደስታት ብዬ ነው ብሎ ዋሸ። ከዚያ በቃ፣ ድምፅ የማያሰማውን ጠቅልልልኝ አለ። ወጣቱ ካርቶኑን ይዞ ቆመና በትሕትና ጠየቀው፦

"አባቴ፣ ይሄ የሚገዛው ለእሷ ነው ለእርስዎ ጆሮ?"

አናጢው ዕቃውን ትቶ ወጣ።

ቤቱ ደረሰና የልጁን በር አንኳኳ። በሕይወቱ አንኳኩቶት አያውቅም፤ ዝም ብሎ ነበር የሚገባው። ትርሲት ከፍታ አየችው። ባዶ እጁን ነው።

"ልተካልሽ ሄጄ ነበር" አላት። "ስላንቺ ጠየቁኝ፤ አንዱንም አላወቅኩም። አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።"

ትርሲትም "አባዬ፣ ኪቦርዱን ረስቼዋለሁ" አለች። "እንግዶቹ እያዩኝ ከእግራቸው ሥር መልቀሜን ነው ያልረሳሁት።"

ይህን ብላ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ስለ ስዊች፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ቡድኗ ታስረዳው ጀመር። ረጅም ሰዓት አወራችለት። ምንም አልገባው! ከመደብሩ የባሰ ግራ ገባው። ግን እጇን እያየ ነበር። የዚያን ቀን ኪቦርድ አልተገዛም፤ ራት ግን ከአንድ ትሪ በሉ።

እናንተስ? እኛስ? ያስቀየምነውን ጎረቤት በር አልፈን ለቤተ ክርስቲያን የስለት ጃንጥላ ይዘን እንመጣለን። ጃንጥላው መልካም ነው፤ እንቀበላለን። ያ ጎረቤት ግን በሩ ላይ ቆሞ እያየን ነው። ለሚስታችሁ ነጠላ ገዝታችሁ ይሆናል። በምን እንዳዘነች ታውቃላችሁ? ለልጃችሁ ስልክ ገዝታችሁ ይሆናል። ምን እንደሚፈራ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ስጦታችሁን እግዚአብሔር ይቀበለው፤ እናንተ ራሳችሁ የምትሄዱት መቼ ነው?

ለእኔ አትመልሱልኝ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ያንን በር አንኳኩ። "አጥፍቻለሁ" በሉ። "አላውቅሽም ነበር፣ ንገሪኝ" በሉ። የምትላችሁ ነገር ላይገባችሁ ይችላል። አይግባችሁ! አጠገቧ ተቀምጣችሁ ግራ ይግባችሁ።