ያልደረቀው ታንኳ

አንድ ታንኳ ሠሪ ልጁን እንዳዘለ ደጁ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ሰውየው ተወልዶ ያደገው በሐይቁ ዳር ነው። ደንገል የሚባለውን የውሃ ዳር ቄጠማ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ እያሰረ ታንኳ ይሠራል። ሚስቱ በወሊድ ስትሞት ማንጠግቦሽ የምትባል አንዲት ልጅ ቀረችለት። የማንጠግቦሽ እግር አልጸናም፣ አንደበቷም አልተፈታም። ሲያጥባት፣ ሲያጎርሳት፣ ሲያዝላት ኖረ። ልጅቱ አደገች፤ ጀርባው ግን ያው የድሮው ጀርባ ነበር።

አንጓች የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። እሷ እንኳ ልጅቱ ስትበላ በደንብ አይታ አታውቅም። ወንድሟ ሲያጎርሳት ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ሰው እንዲያያት አይወድም።

መንደሩ ያመሰግነዋል። "አባት ማለት እሱ ነው፤ አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም" ይላሉ። ይህን በሰማ ቁጥር ደከመኝ ማለት እያሳፈረው መጣ። የማኅበሩን ጽዋ ተወ። ወገቡን ሲያመው በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ጤና ጣቢያ ሂድ ሲሉት መልሱ "እሷን ማን ይይዛታል?" ነው።

አንድ ቀን በሐይቁ ላይ እንጨት የሚያመላልስ ደንበኛ እየተቆጣ መጣ።

"ጋሼ፣ የሸጡልኝ ታንኳ ነው ስፖንጅ? ከነእንጨቴ ሊያሰምጠኝ ነበር!"

ሠሪው ከሥራው ቀና ሳይል "መቼ አወጣኸው?" አለ።

"ምኑን?"

"ታንኳውን ነዋ። ከውሃ አውጥተህ፣ ዛፍ አስደግፈህ፣ ፀሐይ ያስመታኸው መቼ ነው?"

"ሥራ አለብኝ እኮ! እሱ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ እንጨቱን ተሸክሜ ልዋኝ?"

"ለዚህ ነው ሁለት ያዝ ያልኩህ። አንዱ ሲደርቅ በሌላው ትሄዳለህ። ደንገል ውሃውን ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የሚጠጣው። ላዩን ስታየው ደህና ነው። የሚነግርህ መሐል ሐይቅ ላይ ስትደርስ ነው።"

ደንበኛው እያጉረመረመ ሄደ። አንጓች በአጥሩ በኩል ስትሰማ ነበርና ሳቀች።

"ጋሼ፣ አንተንስ ማን ያውጣህ?"

"እኔ ደንገል ነኝ እንዴ?"

"ጀርባህን ባየኸው! በል ዛሬ ማንጠግቦሽን ለእኔ ተዋትና ጋደም በል። ምሳዋን እኔ አበላታለሁ።"

"አትችያትም። ትን ይላታል።"

"እንዴት እንደሆነ አሳየኛ!"

"አንቺን ከማሳይ እኔው ባበላት ይቀለኛል።"

አንጓች ተቀየመች። "እሺ፣ ልጅህን ለብቻህ ያዛት" ብላ ገባች። ዳግመኛ አልጠየቀችውም።

ክረምቱ እንደወጣ ታንኳ ሠሪው ልጁን እንዳዘለ ወደቀ። ልጅቱ ላዩ ላይ ስላረፈች አልተጎዳችም። እሱ ግን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ጤና ጣቢያ ወስደው መለሱትና አልጋው ላይ አስተኙት።

አንጓች አጥሚት አቅጥና አመጣች። ማንጠግቦሽ አንድ ማንኪያ ተቀበለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። አንጓች "ጠገበች" ብላ ማንኪያውን ስታስቀምጥ ወንድሟ ራሱን ወዘወዘ።

"ምነው ጋሼ? ትኩስ ነው?"

አሁንም ወዘወዘ።

"ውሃ ላምጣላት?"

አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። አንጓች ስለ ራሱ የሚያለቅስ መሰላት።

"አይዞህ፣ ትድናለህ" አለችው።

አልዳነም።

ከቀብሩ በኋላ ማንጠግቦሽ ከሳች። አንድ ማንኪያ ትቀበልና ከንፈሯን ትገጥማለች። ለቀስተኛው "አባቷን ብትፈልግ ነው" አለ፤ አንጓችም አመነች። አንድ ቀን ግን ማንኪያውን እንደያዘች ጎረቤት ከደጅ ጠራትና ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ልጅቱ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

አንጓች አንድ ማንኪያ ሰጠቻትና አፏ እንደገና እስኪከፈት ጠበቀች።

ልጅቱ ከንፈሯን የምትገጥመው ስለጠገበች አልነበረም። ገና ስላልዋጠች ነበር። ታንኳ ሠሪው አልጋው ላይ ሆኖ ለእህቱ ሊል የታገለው "ጠብቂ" ነበር። አንዲት ቃል። አሳየኝ ባለችው ቀን በአንድ ምሳ ሊያሳያት ይችል የነበረ ነገር። አጥሚቱም ወፈር ሲል ትን እንደማይላት አንጓች ያወቀችው ልጅቱን ብዙ ካስጨነቀቻት በኋላ ነው።

አሁን አንጓች ማንጠግቦሽን የምታበላት ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው። ጎረቤት ስታልፍ "ነይ ግቢ፣ እዪና ሞክሪ" ትላለች። አንዳንዷ ማንኪያውን ተቀብላ ትሞክራለች።

ታንኳ ሠሪው ልጁን አልወደዳትም የሚል ሰው የለም። ወዷታል። ለደንገሉ የሚያውቀውን ለራሱ ግን አላወቀም። እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ የምታርፉበት ሰዓት ከልጃችሁ የተሰረቀ አይምሰላችሁ። የእናንተ ጀርባ የእሷ እግር ነው። የምታውቁትንም ለብቻችሁ አትያዙት። ዘመዶችም ብትሆኑ አንዴ እምቢ ስትባሉ ተቀይማችሁ አትቅሩ፤ ደግማችሁ አንኳኩ።

ዛሬ ብትወድቁ፣ ልጃችሁ ከንፈሯን ስትገጥም ምን ማለቷ እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?

ታንኳ ሠሪው የለም። ማንጠግቦሽ አለች።