አያ ጅቦ የጠገነው የድንጋይ ልብስ

አንበሳ በሚገዛው በዚያ ዱር ሥርዓት አልጎደለም፤ እንዲያውም ከሣሩ ይልቅ ሥርዓቱ ይበዛ ነበር። ለውኃው አዞ፣ ለጥላው ነብር፣ ለሕጉ ቀበሮ ተሹመዋል። የተሰበረን የመጠገን ሥራ ደግሞ በንጉሡ መልካም ፈቃድ ለአያ ጅቦ ተሰጥቷል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት ወፎች ነበሩ። ምንቃራቸው ቀጭን፣ ትዕግሥታቸው ረጅም ስለነበር የጠገኑት ነገር ስፌቱ አይታወቅም። ኋላ ግን «ጥገና ጥርስ ይጠይቃል፤ ጥርስ የሌለው አይጠግንም» የሚል አዋጅ ታወጀ፤ ባለ ጥርስ ሲፈለግም ከአያ ጅቦ የተሻለ አልተገኘም። ሲፈለግ ማለቴ ትክክል አይደለም፤ የፈለገ አልነበረም።

እመት ኤሊት በወንዙ ዳር ብቻዋን የምትኖር፣ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ያልተለዋወጠች አሮጊት ነበረች። ያላት ሀብት የድንጋይ ልብሷ ነው፤ ቤቷም፣ ጣሪያዋም፣ ጋሻዋም እሱው። የዚያ ዱር ኤሊዎች በሆዳቸው በኩል ያለውን ማሰሪያ ፈትተው ልብሳቸውን ማውለቅ ይችላሉ። ነገር ግን ሲያወልቁ አይቷቸው የሚያውቅ የለም፤ ልብሷን ያወለቀች ኤሊ ሥጋ ብቻ ናትና። በበጋው መጨረሻ ከገደል የተንከባለለ ድንጋይ የልብሷን ጠርዝ መታና ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጣበት። ክረምቱ ደርሶ ነበር። የዚያ አገር በረዶ ደግሞ እንቁላል እያከለ የሚወርድ፣ ስንጥቅ ካገኘ የማይምር ነው። ስለዚህ ኤሊት ቀኑን ሙሉ አዝግማ ከአያ ጅቦ መጠገኛ ደረሰች።

አያ ጅቦ ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰና ሳቀ።

«ይህቺ? ይህቺማ ለቁርስ እንኳ አትሆነኝም» አለ። «እስከ ቁርስ እንኳ አታቆየኝም ማለቴ ነው፣ እመት ኤሊት። ነገ ነይና ውሰጂ።»

ኤሊት ከቁጥቋጦ ጀርባ አውልቃ ልብሷን አቀበለችውና ራቁቷን እዚያው ተሸጉጣ አደረች። በማግሥቱ ልብሷ ሲወጣላት በስብ ታሽቶ ያብረቀርቃል፤ የራሷ መሆኑን እስክትጠራጠር ድረስ አምሯል። በዚያ ዱር ወግ የተጠገነ ዕቃ የሚቀበል ሰው፣ ወይም በተገቢው አነጋገር የሚቀበል እንስሳ፣ ዕቃውን ከማየቱ በፊት ይመርቃል፤ አስቀድሞ ማገላበጥ የሠራተኛውን እጅ መስደብ ነውና። ኤሊትም እንደ ወጉ «እጅዎ ይባረክ፣ አያ ጅቦ» አለችና ለብሳ መንገድ ጀመረች።

ግማሽ መንገድ ሳትሄድ ካፊያ ጣለ። በጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ሲሟሟ ተሰማት፤ ወዲያው ቀይ ጭቃ በአንገቷ ወርዶ ከዓይኗ ገባ። ከአለት ሥር ተጠልላ ልብሷን አውልቃ አየችው። ስንጥቁ እንደ ነበረ ነው፤ የነካው የለም። ከመካከል ግን፣ ልክ ከጀርባዋ አጥንት በላይ የነበረው ትልቁ ቅርፊት ወልቆ ተወስዷል። በቦታው ጭቃ ተመርጎበት፣ በላዩ ሙጫ ተቀብቶበት ነበር፤ አሁን ጭቃው ፈስሶ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል።

ከዚህ የባሰው ግን ውስጡ ነበር። ከልብሷ ጓዳ የጅብ ጠረን ይወጣል። በእጥፋቱ መካከል ጅማት ተሰክቶበታል፤ ግራጫ ፀጉር ተጣብቆበታል፤ ዳር ዳሩን የምራቅ ዝልግልግ ደርቆበታል። ከተፈለፈለችበት ቀን ጀምሮ ማንንም ያላስገባችበትን ቤት አያ ጅቦ እንደ ገበታ ገልብጦ በልቶበታል፤ ሲጨርስም ልሶታል። ኤሊት ወንዙ ዘንድ ወርዳ በአሸዋ ፈተገችው። ጠረኑ አልለቅ አለ።

ተመለሰች። አያ ጅቦ በደጁ ተጋድሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ቅርፊቴ የት አለ?»

«የቱ ቅርፊት?»

«የመካከሉ። ስንጥቅ ይዤ መጣሁ፤ ስንጥቁንም ቀዳዳውንም ይዤ ሄድኩ።»

«ስታመጪውም እንዲያ ነበር። ያረጀ ነገር አንዱ ሲነካ ሌላው ይወልቃል፤ እኔ ምን ላድርግ? ደግሞ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለና በአገጩ ወደ ደጁ ግንድ ጠቆማት። በግንዱ ላይ «ከዚህ ደጅ ለወጣ ዕቃ ኃላፊ አይደለንም» የሚል ተቀርጿል።

«ቅርፊቴ የጠፋው ከደጅዎ ሳይወጣ ነው።»

«ከግንዱ ጀርባ ያለውንስ አንብበሻል?»

ኤሊት ግንዱን ዞረች። «ከዚህ ደጅ ለገባ ዕቃ ኃላፊው ባለቤቱ ነው» ይላል።

«ሲገባም እኔ፣ ሲወጣም እኔ። እርስዎ ኃላፊ የሚሆኑት የት ላይ ነው?»

«ደፉ ላይ» አለ አያ ጅቦ። «ደፉ ላይ ደግሞ መቆም ክልክል ነው። አሁን ራሱ በጭቃ እያቆሸሽሽብኝ ነው፤ ውረጂ።»

ኤሊት ከዚያ ወደ ሸንጎው አመራች። በመንገድ ላይ ጎረቤቷ ድኩላ አገኛትና ግራ ቀኙን ቃኝቶ ወደ ጆሮዋ ጎነበሰ።

«ከጎንሽ ነኝ፣ እመት። የግራ ቀንዴን ታዪዋለሽ? እንጨት ነው። ጫፉን እንዲያሾልልኝ ለአያ ጅቦ ሰጠሁት፣ እንጨት ተክሎ መለሰልኝ። እመሰክርልሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ድኩላ» አለች ኤሊት፤ እርምጃዋም በጥቂቱ ፈጠነ።

ሸንጎው በሾላው ጥላ ሥር ተሰብስቧል፤ አያ ጅቦም በአቋራጭ ቀድሟት ከዳር ተቀምጧል። ንጉሡ አንበሳ ከአለቱ ላይ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ተጋድሟል። አፈ ንጉሥ ቀበሮ ከአለቱ ግርጌ በአንድ ባማረ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ኤሊት የደረሰባትን አንድ በአንድ ተናገረች። ቀበሮ እስክትጨርስ በትዕግሥት ጠበቃት።

«ልብሱን ስትቀበዪ መርቀሻል?»

«መርቄያለሁ።»

«የመረቀ ተረክቧል ይላል ሕጉ።»

«የመረቅኩት ሳላይ ነው፣ አፈ ንጉሥ። ወጉ ነው።»

«ወግ የምታከብሪ ከሆነ አቤቱታሽ ምንድን ነው? ወግ የማታከብሪ ከሆነ ደግሞ ወግ አክባሪ ሸንጎ ፊት ምን ትሠሪያለሽ?»

ሸንጎው በአድናቆት አጉረመረመ። ኤሊት አቀረቀረች፤ ዓይኗም ከቀበሮ እግር ሥር፣ ከዱካው ዳር አረፈ። ረጅም ጊዜ አየችው።

«አፈ ንጉሥ» አለች ቀስ ብላ፣ «የተቀመጡበት የኔ ቅርፊት ነው። ዳሩ ላይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለው። በልጅነቴ ከገደል ስወድቅ የወጣብኝ ነው።»

ቀበሮ ጅራቱን በዱካው ዳር ላይ ጣል አደረገ።

«ይህ ዱካ ለሸንጎው የተበረከተ ነው። ስጦታ ከየት መጣህ አይባልም። ወይስ ሸንጎው ሌባ ነው እያልሽ ነው?»

«ይነሡና ይታይ።»

«ሸንጎ አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም» አለ ቀበሮ። «ምስክር አለሽ?»

ኤሊት ወደ ድኩላ ዞረች። ድኩላ ወደ አንበሳ አየ፤ ቀጥሎ ወደ አያ ጅቦ አየ፤ ከዚያም ጉሮሮውን አጠራ።

«እኔ በበኩሌ በአያ ጅቦ ሥራ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም የግራ ቀንዴ ከጥንቱ ቀሎኛል።» ይህን ሲናገር ቀንዱ ወደ ጆሮው ዘመመ፤ በእግሩ ቀና አደረገው።

ከወደ ኋላ ጃርት ድምፁን አሰማ። «ነገር ባናንዛዛ ምን አለበት? ሁላችንም ነገ የሚሰበር ነገር አለን። አያ ጅቦን አስቀይመን የት ልንወስደው ነው?»

«እውነት ነው» አሉ ብዙዎች።

ይህን ያሉት ፈርተው ነው ለማለት ይቀናል። ነገር ግን ልክ አይሆንም። የፈራ ይንቀጠቀጣል፤ እነሱ አልተንቀጠቀጡም። ለምደውት ነበር። አንዳንዱ እያመሰኳ ነበር። ኤሊት በወንዙ አሸዋ ፈትጋ ያላስለቀቀችው ጠረን ከሸንጎው መካከል መጥቶ አፍንጫዋን ሞላው።

ቀበሮ ፍርዱን አሰማ። «ልብሱ በባለሙያ ይመርመር። በዱሩ ያለው ባለሙያ አያ ጅቦ ብቻ ስለሆነ ከሳሽ ልብሷን እሱ ዘንድ አስቀምጣ ክረምቱ ሲወጣ ውጤቱን ትስማ። ካላስቀመጠች አቤቱታዋን እንደ ተወች ይቆጠራል።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። አንበሳ አዛጋ፤ ማዛጋቱም እንደ ማጽደቅ ተቆጠረ።

ኤሊት ሰማዩን አየች። ከሸንተረሩ በላይ ደመናው ጠቁሯል። ልብሷን ብትሰጥ በረዶው ራቁቷን ያገኛታል፤ ይዛ ብትሄድ በቀዳዳው ገብቶ ያገኛታል። ሸንጎው ከሁለት ሞት አንዱን እንድትመርጥ ፈቅዶላት ነበር። እጇን ወደ ሆዷ ሰደደችና ማሰሪያውን ፈታች።

ልብሷን አወለቀች። በሸንጎው መካከል ገልብጣ አስቀመጠችውና ከጎኑ ተቀመጠች። ጀርባዋ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የተሸበሸበ ነበር። ከላይ የምታንዣብብ ጭልፊት ክቧን አጠበበች።

«ይመርመር» አለች ኤሊት። «ግን እዚሁ ይመርመር። ዓይን ያለው ሁሉ ይይ፤ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያሽት።»

«ልበሺ» አለ ቀበሮ። «ነውር ነው።»

«ነውሩን አይታችሁ ስትጨርሱ እለብሳለሁ።»

ሸንጎው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ከተገለበጠው ልብስ የሚወጣው ጠረን ቀስ እያለ ተስፋፋ። ከፊት የተቀመጡት አፍንጫቸውን ያዙ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ለቀቁት፤ ጠረኑ አዲስ አልሆነባቸውም። እያንዳንዱ ከገዛ ጎጆው፣ ከገዛ ቆዳው ያውቀዋል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የራሱ ጠረን እየመሰለው ይሸማቀቅበት ነበር።

ድኩላ ብድግ አለ። ወደ ኤሊት ሳያይ መጣና የግራ ቀንዱን ጠምዝዞ ነቅሎ ከልብሱ አጠገብ አኖረው። እንጨቱ ነቅዞ ነበር። «ቅድም የተናገርኩት...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ጃርት ተከተለው። ከጀርባው አንድ እፍኝ እሾህ መዘዘና ጣለው፤ ሁሉም ሸምበቆ ነበር። ከዚያ ሌሎችም እየተነሡ መጡ።

አያ ጅቦ ሳቀ። አብሮት የሚስቅ ይኖራል ብሎ ጠበቀ፤ አልተገኘም። ሳቁም መቆሚያ አጥቶ ብቻውን ትንሽ ከሄደ በኋላ ቀረ።

በዚህ ጊዜ አንበሳ ከአለቱ ወረደ። ክምሩን አየ፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ለመናገር አፉን ከፈተ። ባለፈው ዓመት የላይኛው ክራንቻው ተነቃንቆበት ያጠበቀለት አያ ጅቦ ነበር። ቃል ከመውጣቱ በፊት ምላሱ ወደዚያ ጥርስ ሄደች። ነካ አደረገችው። እንደገና ነካ አደረገችው፤ በሦስተኛው እዚያው ቆየች። ሸንጎው በሙሉ አየ።

አንበሳ አፉን ዘጋ፤ የሚወድቅበት ነገር እንዳለው ሁሉ በጣም በቀስታ ዘጋው።

ሸንጎው ቃሉን ይጠብቅ ነበር። ቀበሮ ከዱካው አልተነሣም። ከሸንተረሩ ወዲያ በረዶው ቅጠሉን ሲቀጠቅጥ መሰማት ጀመረ። ኤሊት ልብሷን አላነሣችም።