እጁን ያላነሣው አኩራፊ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጦር ሜዳ ላለመሄድ ሲል አገሩን የለቀቀ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ «ወንድሜን አልመታሁት፣ አልሰደብኩት፣ ዝም ብቻ ነው ያልኩት፤ እሑድ ከጌታ እራት ብቀርብ ምን አለበት?» ነው ያልከኝ። ባለፈውም ይህንኑ ጠይቀኸኝ መልሼልህ ነበር፤ መልሴን ውሃ በላው። ስለዚህ ዛሬ መልስ አልሰጥህም፤ ተቀመጥና ስማ።

ሰውየው ሜኖናይት ከሚባሉት ምእመናን ወገን ነበረ። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ አይነኩም፣ አይምሉም፣ የበደላቸውን አይከሱም። «አዎ» ካሉ አዎ ነው፣ «አይደለም» ካሉም አይደለም ነው። የአገራቸው ንጉሥ ልጆቻቸውን ለወታደርነት በፈለገ ጊዜ የዘር ስንዴያቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ። ሰውየውና ሚስቱ ሄሌና በተሳፈሩበት መርከብ ላይ ሌሎች ባልና ሚስት ነበሩ። ማዕበሉ መሐል ሄሌናን ምጥ ሲይዛት ያዋለደቻት ያቺ ሴት ናት። በአዲሱ አገር፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አጥር ለአጥር ተጎራብተው ሰፈሩ። ሄሌና እኅት አልነበራትም፤ እዚያ አገኘች።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ጎተራው የተቃጠለበት ሰው ካለ ሰፈሩ በሙሉ መዶሻና መጋዝ ይዞ ይወጣና በአንድ ቀን አቁሞለት ይገባል፤ እኛ ደቦ እንደምንለው ነው። አንድ ጊዜ የሰውየውን ጎተራ መብረቅ አቃጠለው። ሰፈሩ ወጣ። ጎረቤትየው ብቻ አልመጣም። በማግስቱ መጥቶ፣ «ፈረሴ ረግረግ ገብታብኝ እሷን ሳወጣ ዋልኩ፤ ይቅር በለኝ» አለ። «እሺ» አለው ሰውየው። ከዚያች «እሺ» በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰለትም።

አልሰደበውም፣ አልከሰሰውም። ጎረቤትየው በበሩ ሲያልፍ ግን ወደ ጋጣው ይገባል፤ መንገድ ላይ ካገኘው ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ሄሌና ወደዚያ ቤት ብቅ ስትል፣ «ሥራ የለሽም?» ይላታል፤ እሷም ቀስ በቀስ እግሯን ሰበሰበች። ከጓደኛዋ ጋር የሚገናኙት በቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶቹ ወንበር በኩል ብቻ ሆነ፤ ያውም በዐይን።

«ምን አደረገህ?» ትለዋለች።

«ምንም። እኔስ ምን አደረግኩት? እጄን አነሣሁበት?»

«እንግዲያው ሰላም በለው።»

«እኛ የሰላም ሰዎች ነን» ይላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከጊዜ በኋላ የጎረቤትየው ጎተራ በተራው በነፋስ ወደቀ። ባሏ ጎህ ሳይቀድ መዶሻውን ይዞ ሲወጣ ስታይ ሄሌና፣ ነገሩ ዛሬ አበቃ ብላ ደስ አላት። ሄዶ ምን አደረገ መሰለህ? ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፣ ከሁሉ በላይ ሠራ፣ ከሁሉ ኋላ ተመለሰ፤ ጎረቤትየው የሚጠጣ ሲያቀርብለት ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። የሚመታው ምስማሩን ብቻ እንዳልሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ገብቶታል። ማታ ቤቱ ገብቶ፣ «ይኸው እኔ ሄጃለሁ» አለ። ደግነቱን እንኳ ዱላ አደረገው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚህ ሰው ዝምታ ግን ነቅዞ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ነበር።

በዚህ መሐል መሬቱ ጠበበና ጎረቤትየው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ ሩቅ አገር ሊሰፍር ተነሣ። የሚሄዱት ከጌታ እራት በኋላ ነው ተባለ። ሄሌናም ይህን ሰማች። ያዋለደቻትን ሴት በዐይን ብቻ ልትሸኛት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ዓለም አይገናኙም።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ከጌታ እራት በፊት ስብሰባ አለ። ሽማግሌው በየወንበሩ እየዞረ እያንዳንዱን ሰው፣ «ከእግዚአብሔርና ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሰው እንኳ «አይደለሁም» ካለ፣ ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ኅብስቱ ለማንም አይቆረስም። ስለዚህ «አይደለሁም» የሚል የለም፤ የሰፈርን ዐይን ማን ይችለዋል?

ሽማግሌው ከወንዶቹ ጀመረ። ሰውየው ተራው ሲደርስ፣ «በሰላም ነኝ» አለ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ለንጉሥ አልምልም፣ ቃሌ ይበቃል ብሎ አገር የለቀቀው ሰው ነው እንግዲህ ይህን ያለው። ሄሌና ይህን መልስ ለዓመታት ሰምታዋለች፤ እሷም ከኋላው እየተከተለች «በሰላም ነኝ» ስትል ኖራለች። ያን ቀን ግን ምሬቱ እስከ አንገቷ ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ወደ ሴቶቹ መጥቶ ሲጠይቃት ከወንበሯ ተነሣች።

«አይደለሁም» አለች።

ሽማግሌው በደንብ የሰማ አልመሰለውም። «ከማን ጋር ነው፣ እኅቴ?»

«ከባሌ ጋር። ጦርነት ሸሽተን ስንሰደድ እሱ ጦርነቱን ከዕቃችን ጋር ጭኖት መጥቷል። የእሱ ሰላም ይህ ከሆነ እኔ ሰላም የለኝም። ደክሞኛል።»

ተቀመጠች።

ኅብስቱ ቀረ። ሰፈሩስ በማን ተቆጣ? በእሷ ነዋ። «አዋረደችን» አሉ፤ እሳት የለኮሰውን ትተው ጭስ ሸተተኝ ያለችውን ያዙ። ባሏም ቤት ሲገቡ፣ «በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ» አላት።

«እኔ አላደረግኩህም» አለችና እራት ልታቀርብ ሄደች።

ሰውየው እንደ ልማዱ ሊያኮርፍ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመስኮቱ በኩል ጎረቤትየው ጋሪ ሲጭን ይታየዋል። በእሱ ምክንያት እነዚያ ሰዎች ኅብስቱን ሳይቀበሉ ሊሄዱ ነው። በጌታ እራት ቀን ወንዱ ከወንዱ፣ ሴቷም ከሴቷ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው እግር የመተጣጠብ ሥርዓት አላቸው፤ እሱ ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤቱ እንዳይደርሰው ወንበር ሲመርጥ ነው የኖረው። አንድ ጠዋት ሳፋውን ውሃ ሞልቶ ወጣ። ጎረቤትየው ግቢ ገብቶ ጋሪው አጠገብ ተንበረከከ።

«ጫማህን አውልቅ» አለው።

ጎረቤትየው ቆሞ ተመለከተው። ከዚያ ጋሪው ላይ ተቀምጦ፣ ጭቃ የደረቀበትን ቦት ጫማውን ታግሎ አወለቀ።

«ያን ቀን ፈረሷ እውነት ገብታብኝ ነበር» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ሰውየው፣ እግሩን እያጠበ። «ያኔም አውቅ ነበር።»

ሄሌና ከአጥሩ ወዲህ ሆና ትሰማለች። ታጥበው እስኪጨርሱ አልጠበቀችም፤ ቀሚሷን ሰብስባ አጥሩን ተሻገረችና ጓደኛዋ ወዳለችበት ቤት ሮጠች።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው አንተ ነህ። አልመታሁትም ትለኛለህ፤ መታኸው ያለህ ማን ነው? ወንድምህ ልጁን ሲድር ድንኳን ስትተክል ውለህ፣ «እንኳን ደስ አለህ» ሳትለው ስትወጣ በዐይኔ አይቼሃለሁ። በደሉ ያን ያህል እንዳልነበረም ልብህ ያውቀዋል። እኔም በዚህ እሑድ ኅብስቱን ከመቁረሴ በፊት ሁላችሁንም፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ በሰላም ናችሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንተ የምትመልሰውን አውቀዋለሁ። ግን ሚስትህ ትናንት እዚህ መጥታ ነበር፤ እሷም የምትጠይቀው ነገር ነበራት። ይህንኑ ምሳሌ ነገርኳት።