አሜባ ስሙን ያገኘበት ሙግት

አንድ ጊዜ በጋው በርትቶ ወንዙ ሁሉ ሲደርቅ፣ ለአንድ አገር እንስሳት የቀረላቸው ከዋርካ ሥር ያለ ኩሬ ብቻ ነበር። አንበሳ ዳኛ ሆኖ ውኃውን በተራ ያስጠጣቸው ነበር። ሕጉም «ጎረቤቱን የበደለ ከኩሬው ይውጣ» የሚል ነበር።

በኩሬው ውስጥ ስም የሌለው አንድ ፍጡር ይኖር ነበር። ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል። ራስ የለውም፣ ጀርባ የለውም፣ ጅራትም የለውም። አንዴ ክብ ይሆናል፣ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ደግሞ እንደ ፈሰሰ ወተት ይዘረጋል። ከውኃ ከወጣ ደርቆ ይሞታል። ማንም ልብ ብሎ አይቶት ስለማያውቅ ማንም ስም አላወጣለትም።

አንድ ቀን ዝይ ሣር ልትለቅም ሄዳ ማታ ስትመለስ ኩሬው ዳር ያለውን ጎጆዋን ባዶ አገኘችው። እንቁላሎቿ የሉም። በማግሥቱ ጠዋት እያለቀሰች ወደ ዋርካው ሄደች። እንስሳቱም ተሰበሰቡ።

ቀበሮ አፉን በሣር ጠርጎ መጣ። ጅብም ከኋላው ተከተለው።

«ሌባውን እኔ አይቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። «ኩሬው ውስጥ መልክ የሌለው ነገር አለ። ትናንት ክብ ሆኖ እየተንከባለለ ጎጆዋ ገባ። እንቁላሎቹን ዋጠና ወደ ውኃው ተመለሰ።»

«አያ ጅቦ፣ አንተስ?» አለ አንበሳ።

«እኔም ክብ ሆኖ ነው ያየሁት» አለ ጅብ። ትንሽ አሰበና «በጣም ክብ» ብሎ ጨመረ።

ከባሕር ማዶ በየዓመቱ የምትመጣ አንዲት አሮጊት ሽመላ ነበረች። እሷ ኩሬው ውስጥ ገብታ ፍጡሩን ከነውኃ ጠብታው በሰፊ ቅጠል ላይ አምጥታ አንበሳ ፊት አኖረችው። ጠብታዋ አጉልታ ስላሳየችው ሁሉም እየተጋፉ አዩት።

«ይሄ ነው እንቁላል የዋጠው?» አለች አህያ። «ጆሮዬ ውስጥ ያለችው ቁንጫ እንኳ ትበልጠዋለች።»

«ዛሬ ነው እንዲህ ያነሰው፣ እትዬ አህያ» አለ ቀበሮ። «መልኩን የሚለዋውጥ አይደል? ትናንት ብታዪው ትሸሺ ነበር።»

አንበሳ ወደ ቅጠሉ ጎንበስ አለ። «ስምህ ማነው?»

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«እንቁላሎቹን በልተሃል?»

ፍጡሩ ፈርቶ ክብ ሆነ። «እንቁላል አልበላሁም። ትናንት ከጎጆው በኩል እንቁላል ሲሰበር ተሰማኝ። ሁለት ምላስ ሲልስም ተሰማኝ። ከአስኳሉ አንዲት ጠብታ ውኃው ውስጥ ወደቀች። እሷን ቀምሻለሁ።»

«ይኸው አመነ» አለ ቀበሮ።

ዝይ ፊቷን አዞረች።

«ለመሆኑ እንዴት ነው የምትሄደው?» ብሎ አንበሳ ጠየቀ።

ፍጡሩ ከገላው ጥቂት ወደ ፊት አስረዘመ። የቀረው ገላው ቀስ እያለ ተከትሎ ፈሰሰ።

«በባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት ያንን የተዘረጋውን ሐሰተኛ እግር ይሉታል» አለች ሽመላ።

«ሰማችሁ?» አለ ቀበሮ። «እግሩ ሐሰተኛ የሆነ አፉ እውነት ይናገራል?»

«ሐሰተኛ የተባለው ስለሚዋሽ አይደለም፣ ልጄ። እንደ አንተ እግር ቋሚ ስላልሆነ ነው። ሲፈልገው ያወጣዋል፤ ሲጨርስ ይሰበስበዋል።»

በዚያ አገር ጠዋት የተሰጠ ቃል ከሰዓት በኋላ፣ የዋርካው ጥላ ሲዞር፣ መለወጡና አለመለወጡ እንዲታይ እንደገና ይደገማል። እስከዚያ ድረስ ተከሳሹ ዋስ መጥራት አለበት። በተከሳሹ ላይ ከተፈረደ ዋሱም አብሮት ከኩሬው ይወጣል።

«ዋስ ጥራ» አለ አንበሳ።

ፍጡሩ የሚጠራው አልነበረውም። እንስሳቱም መሬት መሬት አዩ።

«ማን ዋስ ይሆነዋል?» አለ ቀበሮ። «ጆሮ የለው፣ ጅራት የለው። ቢያመልጥ በምኑ ይያዛል?»

ሽመላ ወደ አህያ ዞረች። «አህዬ፣ ባለፈው ጭነት ጀርባሽን ልጦሽ ነበር። ቁስሉን ማን አዳነልሽ?»

«ማንም። በራሱ ዳነ።»

«በራሱ አልዳነም። በደምሽ ውስጥ ልክ እንደዚህ የሚሄዱ፣ ልክ እንደዚህ መልካቸውን የሚለዋውጡ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ቁስሉ ውስጥ የገባውን ጀርም በሐሰተኛ እግራቸው ከበው ይውጡታል። በጌታዬም ደም ውስጥ አሉ፣ በአያ ጅቦም አሉ።»

ጅብ ሆዱን ተመለከተ። «እኔ ውስጥ ሆነው ይበላሉ?» አለ። «ለእኔ ሳይነግሩኝ?»

አህያ ወደ ቅጠሉ ተጠጋች።

«እኔ መቼም ነገር ቶሎ አይገባኝም» አለች። «ግን በቆሰልኩ ጊዜ ሁላችሁም ሸተተችን ብላችሁ ርቃችሁኝ ነበር። ያልራቀኝ የዚህ ዓይነቱ ከሆነ እኔም አልርቀውም። ዋስ ነኝ።»

«ኋላ ውኃ ብትከለከዪስ?» አለች ዝይ።

«እንግዲህ ከእሱ ጋር እጠማለሁ።»

ፀሐይ መሀል ሰማይ ላይ ስትደርስ የቅጠሉ ጠብታ እየደረቀች ሄደች። አህያ በጠብታዋ ላይ ጥላ እንዲያርፍ ቆመች፤ ቆይታ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ያን ጊዜ ቀበሮ በቀስታ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ሳይህ አሳዘንከኝ» አለ። «ያቺን የአስኳል ጠብታ ለምን አነሳሃት? ከሰዓት በኋላ ተዋት። አልቀመስኩም በል፤ ትድናለህ። ለራስህ ባታስብ ለዚች ምስኪን አስብ።»

ፍጡሩ ረዘመ፣ ተዘረጋ፣ መልሶ ተሰበሰበ። አህያ ከኩሬው ስትባረር ታየው። እሱም ሲደርቅ ታየው።

«ቀምሻታለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ። «መልኬን ካልለወጥኩ አልሄድም፣ አልበላም። ቃሌን መለወጥ ግን አልችልበትም።»

ቀበሮ ከንፈሩን ነክሶ ሄደ።

ጥላው ሲዞር ሁሉም ተመለሱ። ፍጡሩ አሁን ክብ አልነበረም፤ እንደ ቅጠል ተጠፍጥፎ ነበር። ቃሉ ግን የጠዋቱ ነበር። እንቁላል አልበላም። ሁለት ምላስ ሲልስ ተሰምቶታል። አንዲት የአስኳል ጠብታ ቀምሷል።

ቀበሮ ተነሣ። ሐሰተኛ እግር የሚለውን ጠዋት ሰምቶ ወዶት ነበር። «ያንን ሐሰተኛ እግሩን አውጥቶ እየተሳበ ጎጆዋ ሲገባ አይቻለሁ» አለ።

«ጠዋት ይንከባለል አልነበር?» አለች አህያ።

«መሀል መንገድ ላይ ለወጠው።»

«አያ ጅቦ፣ አንተ ቀጥል» አለ አንበሳ።

ጅብ አንበሳን አየ፣ ቀበሮን አየ። «ክብ ነበር፣ ጌታዬ። አሁን ደግሞ እግር አለው መሰለኝ። ቀበሮ፣ የትኛውን በል ነበር ያልከኝ?»

እንስሳቱ ሳቁ። አንበሳ አልሳቀም። በለሰለሰ ድምፅ «እሱን ተወው፣ አያ ጅቦ። እንቁላሎቹ ስንት ነበሩ?» አለው።

«እኔ በምን አውቄ፣ ጌታዬ» አለ ጅብ እያዘነ። «ለእኔ የደረሰኝ ቅርፊቱ ነው።»

ቀበሮ ጅራቱን በእግሮቹ መሀል አስገባ።

«ሕጉ ከኩሬው ይውጡ ይላል» አለ አንበሳ። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ ዝይ። ምን ትያለሽ?»

«ቢጠሙ እንቁላሎቼ አይመለሱልኝም» አለች ዝይ። «ከሁላችንም ኋላ ይጠጡ። ጎጆዬ አጠገብ ግን አይድረሱ።» ከዚያ ወደ ቅጠሉ ዞረች። «አንተን ሳልጠይቅህ ጠላሁህ። ስም እንኳ አልነበረህም። እማማ ሽመላ፣ አንቺ ብዙ አገር አይተሻል፤ ምን እንበለው?»

«በግሪኮች ቋንቋ መለወጥ ማለት የሆነ ቃል አለ» አለች ሽመላ። «አሜባ የሚለው ስም ከእሱ የመጣ ነው።»

«አሜባ ይሁን» አለች ዝይ።

«በእኔ ውስጥ ያሉትስ?» አለች አህያ።

«እነሱ አሜባ መሰል ይባላሉ። አካሄዳቸው የእሱን ስለሚመስል ነው።»

ዝይ ቅጠሉን በምንቃሯ አንስታ ውኃው ላይ በቀስታ አኖረችው። አሜባ ከገላው ጥቂት ወደ ፊት አስረዘመና ወደ ኩሬው ፈሰሰ።

ከዚህ የምንማረው መልኩ የተለዋወጠውን ሳይሆን ቃሉ የተለዋወጠውን መጠርጠር እንዳለብን ነው።